አባቴ የጠራው ዋጋ

አባቴ ገንዘብ ወዳድ መሆኑን ያወቅሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ እሁድ ረፋድ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከራሱ አፍ ነው። ሌላ ምስክር አላስፈለገኝም። ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር እንደ ስሜ አውቀው ነበር፤ ሰው ስለ አባቴ ሲጠይቀኝም «ገንዘብ ይወዳል» ብዬ ወሬውን እዘጋው ነበር። ልጅ ሆኜ ግትር ነበርኩ፤ አድጌም አልተሻለኝም።

መንደራችን ሾል ክሪክ ትባላለች፤ ቴክሳስ ውስጥ ናት። ጥጥና ለውዝ እንዘራለን፣ ዝናብ እንለምናለን፣ ዝናቡ ሲቀር ደግሞ ማን ኃጢአት እንደሠራ እንፈላለጋለን። ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ዓመት በጎረቤታችን በጋሽ ገስ የለውዝ ማሳ ላይ ነዳጅ ፈንድቶ ወጣ። ጥቁሩ ነገር ከመቆፈሪያው ማማ ጫፍ በላይ ሲተፋ ሳይ ገስ ጉድጓዱን ከልክ በላይ አስቆፍሮ ሲኦልን የነካ መስሎኝ አለቀስኩ። ሚስቱ እትዬ ሞዲና ግን ሽርጧን ዘርግታ ከሥሩ ቆማ ትስቅ ነበር። ከጥርሷ በቀር ነጭ የቀራት ነገር አልነበረም።

ዓመት ሳይሞላ መንደሩ በእንጨት ማማ ተሞላ። ማማው ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለ ከባድ ብረት አለ፤ ወደ ላይ ይሳብና ወርዶ ዓለቱን ይወቅጠዋል፤ ድም፣ ድም፣ ድም። የቤተ ክርስቲያናችን ወለል በጫማችን ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። መዝሙር መሪው ከብረቱ ጋር መሽቀዳደም ሰልችቶት በመጨረሻ በብረቱ ምት ያስዘምረን ጀመር፤ ፈጣኑን መዝሙር ሁሉ የቀብር አደረገብን። የታጠበ ልብስ ደጅ ማስጣት ቀረ፤ ነፋሱ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ እየመጣ አንሶላውን ያበላሸዋል። የምንጠጣው ውሃ እንኳ ክብሪት ክብሪት ይል ጀመር። ማንም አላማረረም። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ፤ ገስ መኪና ገዛ። መንዳት ስለማይችል እሁድ እሁድ በሁለት በቅሎ እያስጎተተ ይመጣል፤ እትዬ ሞዲና ላባ የተሰካበት ባርኔጣ አድርጋ አጠገቡ ትቀመጥና በእግራችን ለምንሄደው እጇን ታውለበልብልናለች።

በዚህ ሁሉ ማማ መካከል ሳይነካ የቀረ መሬት ቢኖር ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው መካነ መቃብር ነበር። ሚስተር ክሪል የመጣው ለእሱ ነው። የነዳጅ ኩባንያ ሰው ነበር፤ እጁ ለስላሳ፣ ድምፁ ግሩም። ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ከሁላችንም አስበልጦ ይዘምራል፤ ሲጸለይ ግን ዓይኑን አይጨፍንም። እንዴት አወቅሽ አትበሉኝ፤ እኔም አልጨፍንም ነበር።

ያመጣው ሐሳብ ቀላል ነበር። መቃብሮቹ በክብር ተነሥተው ወደ ኮረብታው ይዛወራሉ፤ ለእያንዳንዱ ሟች አዲስ ሣጥንና አዲስ የመቃብር ድንጋይ ይሰጣል፤ ኩባንያው መሬቱን ይቆፍራል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ዳጎስ ያለ ድርሻ ታገኛለች። ሰባኪያችን ወንድም ታልበት ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሐኪም ጠፍቶ ሁለት ልጆቹን የቀበረ ሰው ነው። የጡብ ቤተ ክርስቲያን፣ ከጎኗም ሐኪም የሚቀመጥባት ክሊኒክ በእጁ አየር ላይ እየሣለ ያሳየናል። «እግዚአብሔር ይህን ከሙታናችን ሥር ያስቀመጠው ለሕያዋኑ ነው!» ሲል እኛ «አሜን!» እንላለን፤ ብረቱም ድም ይላል።

የጎደለው አንድ ፊርማ ብቻ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ መሬት በሦስት ባላደራዎች ስም ለዕድሜ ልክ የተመዘገበ ነው፤ ሦስቱም ካልፈረሙ ውል የለም። ገስ ፈረመ። ጆሮው የማይሰማው ሽማግሌው ኢራ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባው ፈረመ። ሦስተኛው አባቴ ሆሊስ ነበር። አባቴ አልፈረመም፤ ለምን እንዳልፈረመም አልተናገረም። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ዓይነት ሰው ነው።

እናቴ ዴልፊያ እዚያ መካነ መቃብር ውስጥ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ዓለሙን ሁሉ የፈጀው ያ ጉንፋን በገባ ጊዜ፣ የታመመች እኅቷን ለማስታመም ብላ ፎርት ወርዝ ሄደች። ሦስት ሳምንት ቆይቶ አባቴ በባቡር ተከተላት፤ ሲመለስ በሚስማር የተመታ የሬሳ ሣጥን ይዞ መጣ። በዚያ ዓመት ሣጥን አይከፈትም፤ በሽታው ይወጣል ተብሎ ክልክል ነበር። ስለዚህ ሳላያት ተቀበረች። ፎቶ የላትም። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ድምፅዋን አስታውሳለሁ፣ የእጇን ሽታ አስታውሳለሁ፣ ፊቷ ግን እየጠፋብኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እንደ ሌብነት አፍርበት ነበር።

በግንቦት የመጀመሪያ ቅዳሜ የመንደሩ ሰው ሁሉ መኮትኮቻውን ይዞ መካነ መቃብሩ ይሰበሰባል። በመቃብር ላይ ሣር ከበቀለ ቤተሰቡ ሟቹን ረስቶታል ማለት ነው። ስለዚህ መሬቱን እስኪላጭ እንፍቀዋለን፣ አፈሩን ወደ መሃል እንከምረዋለን፣ ከወንዝ የለቀምነውን ዛጎል እንደረድርበታለን። የእናቴን መቃብር ያህል የሚጸዳ አልነበረም፤ አባቴ አንዲት ሥር አያስቀርም። ግን አያለቅስም። አንድ ቀንም ተንበርክኮ ሲጸልይበት አላየሁትም። ወንድ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት።

እትዬ ሞዲና በባለላባው ባርኔጣዋ ሥር ላብ እያጠመቃት ከአጠገባችን ትፍቅ ነበር።

«ሆሊስ፣ አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የምትፈርመው?»

«ቀኑ ሞቀ» አላት አባቴ።

«ስለ ቀኑ ማን ጠየቀህ? ፈርምና ገላግለን። ሚስትህም ኮረብታው ላይ ነፋስ ታገኛለች።»

«ዴልፊያ ነፋስ አትወድም።»

«እሷማ ምን ወዳ ታውቃለች!» አለች፤ ወዲያው እኔን አየችኝና አፏን በእጇ ያዘች። «ነፍሷን ይማር። እንቺ ዜላዬ፣ ዛጎል ጨምሪላት።»

ከወዲያ ያለችው ሴት ቀስ ብላ «ድሮም ለዚህ አፈር የተፈጠረች አልነበረችም» ስትል፣ ሞዲና «አሁንማ ሆነች» ብላ መለሰችላት፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ የገባኝ እናቴ ለሰማይ የተፈጠረች ቅድስት እንደነበረች ነው።

ዛጎሉን ስደረድር ሚስተር ክሪል መጥቶ በሚያብለጨልጭ ጫማው አፈሩ ውስጥ ቁጢጥ አለ።

«እናትሽ ናት?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«አሳምረሽላታል።»

«ስታወጧት ሣጥኑ ይከፈታል?» አልኩት።

ወደ አባቴ ሰረቅ አድርጎ አየ። «ከአሮጌው ሣጥን ወደ አዲሱ ትዛወራለች። ያን ጊዜ ቤተሰብ ልይ ካለ ማን ይከለክለዋል?»

ይህን ያለው አባቴን በእኔ በኩል ሊይዘው ነው፤ አሁን ይገባኛል። እኔ ግን የዚያን ቀን መሬት አልረገጥኩም። በመኸር ስኳር ድንቹን ቆፍረን አሸዋ ውስጥ እንቀብረዋለን፤ በጸደይ ስናወጣው እንደነበረ ነው፣ ቆዳው እንኳ አልተጨማደደም። እናቴም እንደዚያ መስላኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ፊቷን ባየው ዳግመኛ እንደማልረሳው እርግጠኛ ነበርኩ።

እራት ላይ ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ እየበላን ነገርኩት።

«አባዬ፣ ፈርም።»

«ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።»

«እማዬን ማየት እፈልጋለሁ። ሚስተር ክሪል ሣጥኑ ይከፈታል ብሎኛል።»

ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ቆመ። «ጠይቂው ያለሽ ማነው?»

«ማንም።»

ተነሥቶ በቅሎዎቹን ላጠጣ ብሎ ወጣ። በቅሎዎቹ ጠጥተዋል፤ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ። በመስኮት ሳየው ግንባሩን የአንዷ አንገት ላይ ደግፎ ቆሞ ነበር። የተቆጣ መሰለኝ። የፈራ ሰው ምን እንደሚመስል ያወቅሁት እኔም አድጌ የምደብቀው ነገር ሲኖረኝ ነው።

ከዚያ ወዲያ ወሬው ተያያዘ። ሆሊስ የማይፈርመው ጭማሪ ፈልጎ ነው ተባለ። በእነሱ አልፈርድም። በዚያ ሰሞን በአገራችን ሰው ለነዳጅ ኩባንያ እምቢ የሚለው ጨምሩልኝ ለማለት ብቻ ነበር፤ ገስ ራሱ ሦስቴ እምቢ ብሎ ነው መኪናውን የገዛው። ሌላ ዓይነት እምቢታ መኖሩን የረሳ መንደር ነበር። እንኳን ጎረቤት፣ እኔ ልጁም ጭማሪውን ሲያገኝ ይፈርማል ብዬ እጠብቅ ጀመር።

አባቴ የሞተው ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ላይ ነው። ቀብሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበርን። ቦታው ከእናቴ ጎን ነው፤ መካነ መቃብሩ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው። ሚስተር ክሪል በአጥሩ ዙሪያ ቆፍሮ ከሥሩ ያለውን ሁሉ መጠጠውና ሄደ። አሥራ ሁለተኛዋ ሰው ግራጫ ካፖርት የለበሰች ሴት ነበረች፤ አጥሩ ጋ ቆማ ሰው ሲበተን ጠብቃ መጣች። አገጯ የእኔ አገጭ ነው። የእናቴን ስም ከድንጋዩ ላይ አነበበች፣ ዛጎሎቹን አየች።

«በደንብ ጠብቃችሁኛል» አለች።

ቁጭ ብላ ነገረችኝ፤ የመቃብሯ ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠችው። «ፎርት ወርዝ ድረስ መጥቶ ነይ እንመለስ አለኝ። አልመለስም አልኩት። ሰው ነበረኝ፤ ፒያኖ የሚቃኝ። ‹ለልጅቷ ምን ልበላት?› አለኝ። ሞተች በላት አልኩት፤ ሰው ሲናደድ የሚለውን። በማግስቱ ሣጥን ገዝቶ መጣ። ክብደት እንዲኖረው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አሸዋ ሲሞላ ጆንያውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ‹እናቴ ጥላኝ ሄደች ከምትል፣ ሞታብኝ ነው ብላ ታልቅስ› አለ። ሌላ ምንም አላለኝም።»

እናቴን አገኘሁ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የፈለግሁት አባቴን ነበር፣ እሱ ደግሞ ጠዋት አፈር ገብቷል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። አባቴ ያ የአሸዋ ሣጥን እንዳይከፈት ብሎ ስሙን ሰጠ፤ የሰጠበት ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፣ አላወቅሁትም።

እንግዲህ ወደዚያ እሁድ ልመለስ።

ስብከቱ እንዳለቀ ወንድም ታልበት በሩ ይዘጋ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አለን አለ። በእኛ ዘንድ የተጠመቀ ሁሉ አባል ነው፤ አባል የሆነ ሁሉ፣ ሽማግሌም ሆነ ሕፃን፣ ድምፅ አለው። እኔ በመጋቢት ወንዝ ውስጥ ስለተጠመቅሁ ያ ስብሰባ የመጀመሪያዬ ነበር። አዲስ ቀሚስ አድርጌ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ አባቴ ራሱ የሰፋው፣ አንዱ እጅጌው ከሌላው የሚያጥር።

«ወንድም ሆሊስ» አለ ታልበት፣ «ስድስት ሳምንት ጠበቅንህ። ምክንያትህን ንገረን፤ ምክንያትህ እውነተኛ ከሆነ እኔ ራሴ ከጎንህ እቆማለሁ።»

አባቴ ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንሥቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ልንገራችሁ?» አለ ገስ፣ «ሙታኑ ናቸው አትፈርም ያሉት!» ሰው ሳቀ።

«ሙታኑማ ተስማምተዋል» አለች ሞዲና። «እናቴን በሕልሜ አይቻታለሁ፤ ኮረብታው ይሻለኛል ብላኛለች።»

ያን ጊዜ ነው የተነሣሁት። «እኔ እማዬን ማየት እፈልጋለሁ» አልኩ። «ፊቷ ጠፍቶብኛል። ሚስተር ክሪል ሲያዛውሯት ሣጥኑ ይከፈታል ብሎኛል። አባዬ እንዲፈርም ንገሩልኝ።»

ከውጭ ብረቱ ድም አለ። ከዚያ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ወንድም ታልበት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «ሆሊስ፣ ልጅህ ናት የምትለምንህ። ከዚህ በኋላ ምን ምክንያት ቀረህ?»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ለእሱ በዚያች ሰዓት ሁለት በር ብቻ ነበር የቀረው፤ በአንደኛው ከወጣ እናቴ በሕይወት ትኖራለች፣ እኔም የተጣለች ልጅ እሆናለሁ። ተነሣና ወደ ሚስተር ክሪል ዞረ።

«ዋጋው አነሰኝ» አለ።

አዳራሹ ተነፈሰ። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነበር። ሚስተር ክሪል ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ፈገግ ሲል አየሁት፤ የሚያውቀው ቋንቋ ነዋ።

«ይህን ከመጀመሪያው ብትነግረኝ ኖሮ፣ ሚስተር ሆሊስ! እጥፍ እናድርገው።»

«አይበቃም።»

«ሦስት እጥፍ። ለአንተ ደግሞ ለብቻህ...»

አባቴ አላበው። ሰውዬው እየከፈለ ሊደርስበት ነበር። «አንድ ሚሊዮን ዶላር» አለ። «በጥሬው። ከዚያ በታች አንድ ጭብጥ አፈር አታነሡም።»

አባቴ በሕይወቱ ሺህ ዶላር በአንድ ላይ አይቶ አያውቅም። ገስ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሚስተር ክሪል ብዕሩን ከደነና ወረቀቱን አጠፈ። «ከሥሩ ያለው ሁሉ ቢሸጥ ይህን አያወጣም» አለ።

«እንግዲያው ተዉት» አለ አባቴ፤ ተቀመጠ።

እኔም ከእሱ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። እማዬን ሊያሳየኝ ይችል ነበር፤ ገንዘብ በለጠበት። ይህ ነበር በዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ነገር ሁሉ።

ወንድም ታልበት መነጽሩን መልሶ አደረገ። «የሙታንን ዕረፍት ለጨረታ አወጣህ፣ ሆሊስ። ስግብግብነት ጣዖት ማምለክ ነው» አለ። ሁላችንም ያንኑ ዕረፍት ልንሸጥ የተሰበሰብን መሆናችን ለማንም አልታየውም፤ ጥፋቱ ማስወደዱ ነበር። ከዚያ እንደ ደንቡ ጥያቄውን አቀረበ። «ወንድም ሆሊስ ከኅብረታችን እንዲለይ የምትስማሙ ተነሡ።»

ሞዲና ተነሣች። ገስ ተነሣ። ሽማግሌው ኢራ ሰው ሲነሣ አይቶ ተነሣ። አግዳሚዎቹ እየተንቋቋ ከፊት እስከ ኋላ ሁሉም ተነሣ። ተቀምጠን የቀረነው አባቴና እኔ ብቻ ነበርን። ወንድም ታልበት ወደ እኔ አላየም፤ ለልጅ ብሎ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አደረገ። ብቀመጥ ማንም አይወቅሰኝም ነበር።

ተነሣሁ።

አባቴ አየኝ። እጁን ሲያነሣ ሊመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀሚሴ ስቀመጥ ከኋላ ተጨማድዶ ወደ ላይ ተሰብስቦ ኖሯል፤ ሰው ሁሉ ከኋላ ያየኝ ነበር። በእጁ ወደ ታች ሳበና አስተካከለልኝ። ከዚያ ባርኔጣውን አንሥቶ በቆምነው ሰዎች መካከል አልፎ ወጣ።